ደቡብ አፍሪካ ከአፓርታይድ ወደ አዲስ ሕገ መንግሥት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እኛ ዘንድ የምክክርና የሽግግር ፍትሕ ነገር በተነሳ ቁጥር «ደቡብ አፍሪካ እንዴት አደረገችው?» የሚል ሰው አይጠፋም፤ መልሱ እነሆ፣ ቀኖቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ሕገ መንግሥቱን ጽፎ ለመጨረስ ስንት ዓመት ፈጀ?

ሰባት ዓመት ገደማ። ፌብሩዋሪ 2 ቀን 1990 ፕሬዚዳንት ኤፍ ደብልዩ ደ ክለርክ ፓርላማ ቆመው የማንዴላን ድርጅት ኤኤንሲን (የአፍሪካ ብሔራዊ ኮንግረስን) ጨምሮ የታገዱት ድርጅቶች መፈቀዳቸውን አወጁ። ከዘጠኝ ቀን በኋላ ኔልሰን ማንዴላ ከ27 ዓመት እስር ወጡ። ጊዜያዊው ሕገ መንግሥት በ1993 መጨረሻ ጸደቀ። ጥቁሩም ነጩም እኩል የመረጠበት የመጀመሪያው ምርጫ ኤፕሪል 1994 ተካሄደ። ዋናው ሕገ መንግሥት ሜይ 8 ቀን 1996 በድምፅ አለፈ፣ ፌብሩዋሪ 4 ቀን 1997 ሥራ ላይ ዋለ።

ማንዴላ የፈረሙት ዲሴምበር 10 ቀን 1996 ነው። ቦታው ሻርፕቪል ነበር። በ1960 ፖሊስ በሰልፈኞች ላይ ተኩሶ 69 ሰው የገደለበት ሰፈር ማለት ነው። ቦታው ታስቦበት የተመረጠ ነው።

ማንዴላና ደ ክለርክ ተጨባብጠው ነው ነገሩ ያለቀው?

ፎቶው እንደዚያ ያስመስላል። ሥራው ግን በብዙ ሰው ትከሻ ላይ ነበር። ኮዴሳ የሚባለው የመጀመሪያው ትልቅ ድርድር ዲሴምበር 1991 ጆሃንስበርግ አጠገብ ኬምፕተን ፓርክ ተከፈተ። 19 ወገኖች ተቀመጡ። በሜይ 1992 ሁለተኛው ዙር ተበተነ። በ1993 እንደገና ሲጀመር ጠረጴዛው ላይ 26 ወገኖች ነበሩ።

የተቋረጠውን ገመድ የቀጠሉት ሁለት ሰዎች ናቸው። አንዱ ለኤኤንሲ የሚደራደረው፣ ቀድሞ የማዕድን ሠራተኞች ማኅበር መሪ የነበረው ሲሪል ራማፎሳ፣ ሌላው የመንግሥት ሚኒስትር የነበረው ሮልፍ ሜየር። ስብሰባው ሲፈርስ እንኳ እነዚህ ሁለቱ በስልክም በአካልም መገናኘታቸውን አላቆሙም። አንድ ጊዜ ዓሣ ሊያጠምዱ ሄደው መንጠቆ የሜየር ጣት ውስጥ ገባ፤ ነቅሎ ያወጣለት ራማፎሳ ነው። ታሪኩ ሲደጋገም ትንሽ ተረት ተረት ሆኗል። ቢሆንም ቁም ነገር አለው፤ ከካሜራ ጀርባ የሚተማመን ሰው በሌለበት ካሜራ ፊት ያለው ድርድር ብዙ አይራመድም።

ሰላም ከሰፈነ በኋላ ነው የተደራደሩት?

አይደለም። ብዙ ሰው የሚስተው ይህን ነው። ከ1990 እስከ 1994 ባሉት ዓመታት 14 ሺህ ያህል ሰው በፖለቲካ ግጭት ሞቷል። ከዚያ በፊት ከነበሩት የአፓርታይድ ዓመታት ይልቅ ደም በብዛት የፈሰሰው በድርድሩ ዘመን ነው። በተለይ በናታል ክልልና በጆሃንስበርግ ዙሪያ የኤኤንሲና የኢንካታ (በዋናነት የዙሉዎች ፓርቲ) ደጋፊዎች ይተላለቁ ነበር። የጸጥታ ኃይሉ እጅ እንዳለበትም በኋላ በምርመራ ወጥቷል።

ጁን 1992 ቦይፓቶንግ በሚባል ሰፈር ከ40 በላይ ሰዎች በሌሊት ተገደሉ። ኤኤንሲ ድርድሩን አቋርጦ ወጣ። ሴፕቴምበር ላይ ደግሞ ቢሾ ከተማ ወታደሮች ሰልፈኛ ላይ ተኮሱ፣ 28 ሰልፈኞች ሞቱ። ሁለቱም ወገን ገደሉን ያየው ያኔ ነው። በዚያው ወር መጨረሻ የመግባቢያ ሰነድ ተፈራርመው ተመለሱ።

ከሁሉም የከፋው ቀን ግን ኤፕሪል 10 ቀን 1993 ነው። የኮሚኒስት ፓርቲው መሪና የወጣቱ ጀግና ክሪስ ሃኒ ደጃፉ ላይ በአንድ ነጭ አክራሪ ጥይት ወደቀ። አገሪቱ ልትቃጠል ደረሰች። ያን ምሽት በቴሌቪዥን ሕዝቡን ያረጋጉት ፕሬዚዳንቱ አይደሉም፤ ገና ሥልጣን ያልያዙት ማንዴላ ናቸው። ገዳዩ ነጭ ቢሆንም የመኪናውን ታርጋ ለፖሊስ የጠቆመችውም ነጭ፣ ያውም አፍሪካነር፣ ማለትም የአፓርታይድ ገዢዎች ከወጡበት የነጭ ወገን የሆነች ሴት መሆኗን አስታወሱ። ኤኤንሲ አጋጣሚውን ለበቀል ሳይሆን ለቀጠሮ ተጠቀመበት። የምርጫው ቀን ይቆረጥ ብሎ ያዘ፤ ብዙም ሳይቆይ ኤፕሪል 27 ቀን 1994 ተባለ።

መጀመሪያ ምርጫ ነው ወይስ መጀመሪያ ሕገ መንግሥት?

ድርድሩ ሁሉ የተጠመጠመው በዚህች ጥያቄ ላይ ነው። ኤኤንሲ «ሕዝብ ያልመረጠው ሰው ሕገ መንግሥት አይጽፍም» አለ። የነጮቹ ናሽናል ፓርቲ በበኩሉ ምርጫ ከቀደመ እንደሚሸነፍ ያውቀዋል። ስለዚህ አሸናፊው እንዳሻው እንዳይጽፍ መጀመሪያ ዋስትና ፈለገ። ሁለቱም እውነት አላቸው።

መፍትሔው ሥራውን ለሁለት መክፈል ሆነ። በመጀመሪያው ደረጃ ያልተመረጡት ተደራዳሪዎች ጊዜያዊ ሕገ መንግሥት ጻፉ። ከዚያ ጋር 34 መርሆዎችን አያያዙ፦ የሕግ የበላይነት፣ የመድበለ ፓርቲ ሥርዓት፣ ነፃ ፍርድ ቤት፣ የክልሎች ሥልጣን፣ የቋንቋና የባህል ጥበቃ፣ ወዘተ። በሁለተኛው ደረጃ የተመረጠው ምክር ቤት የመጨረሻውን ሕገ መንግሥት ይጽፋል፤ ከ34ቱ መርሆዎች ግን መውጣት አይችልም። መውጣት አለመውጣቱን የሚያየው አዲስ የተቋቋመ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ነው።

በእኔ እይታ የደቡብ አፍሪካ ትልቁ ፈጠራ ይህ ቅደም ተከተል ነው። ስለ ይቅርታውና ስለ ማንዴላ ልብ ብዙ ይወራል። ተሸናፊው እንዲፈርም ያደረገው ግን ይህ አሠራር ነው፤ ሲሸነፍ ምን እንደማይወሰድበት አስቀድሞ አውቋል።

ሁሉም ካልተስማማ ውሳኔው እንዴት ያልፍ ነበር?

በ26 ወገን መካከል ሙሉ ስምምነት ቢጠበቅ ኖሮ እስካሁንም ኬምፕተን ፓርክ ተቀምጠው ነበር። «በቂ ስምምነት» የሚባል ዘዴ አበጁ። በተግባር ትርጉሙ ግልጽ ነው፤ ኤኤንሲና መንግሥት ከተስማሙ ነገሩ ይራመዳል። ትናንሾቹ ፓርቲዎች በዚህ ተናደዱ፤ አልተሳሳቱም። ኢንካታ ድርድሩን ጥሎ ወጣ፣ ጉዳዩንም ፍርድ ቤት ድረስ ወሰደ። ጁን 1993 የነጭ አክራሪዎች ቡድን በብረት ለበስ መኪና የስብሰባ አዳራሹን መስተዋት ሰብሮ ገባ። ድርድሩ በዚህም አልቆመም።

ያኮረፈውን ግን እስከ መጨረሻው ደቂቃ ለመኑት። ኢንካታ ምርጫ እገባለሁ ያለው ድምፅ ሊሰጥ አንድ ሳምንት ያህል ሲቀር ነው። የድምፅ መስጫ ወረቀቱ ታትሞ አልቋል። ምን ይደረግ? የኢንካታ ስም ያለበት ተለጣፊ ታተመና በየወረቀቱ ግርጌ ተለጠፈ። ኢንካታም 10.5 በመቶ ድምፅ አገኘ። ያ ሁሉ መራጭ ከውጭ ቢቀር ናታል ምን ይሆን እንደነበር መገመት አያዳግትም።

ከምርጫው በኋላ አሸናፊው ለምን ብቻውን አልገዛም?

ቀድሞ ስለተስማማ ነው። ሐሳቡን በ1992 ያመጣው ደግሞ ለስላሳ ፖለቲከኛ ሳይሆን ዕድሜውን በትጥቅ ትግል ያሳለፈው ኮሚኒስቱ ጆ ስሎቮ ነው። ለተወሰኑ ዓመታት ሥልጣን እንካፈል፣ የድሮው መንግሥት ሠራተኞችም ከሥራ አይባረሩ አለ። የገዛ ጓዶቹ ጮኹበት። የሱ መልስ ጠላትን ድል አድርገን የምንደራደር አይደለንም የሚል ነበር፤ ጦሩም ቢሮክራሲውም ገና በእነሱ እጅ ነው።

በዚህ መሠረት 5 በመቶ መቀመጫ ያለው ፓርቲ ሁሉ ካቢኔ ውስጥ ቦታ አገኘ። ኤኤንሲ 62.65 በመቶ፣ ናሽናል ፓርቲ 20.39 በመቶ አመጡ። ማንዴላ ፕሬዚዳንት፣ ታቦ ምቤኪና ደ ክለርክ ምክትሎች ሆኑ። ናሽናል ፓርቲ ሕገ መንግሥቱ እንደጸደቀ በ1996 ከካቢኔው ለቆ ተቃዋሚ ሆነ። ማንም አልታሰረም፣ ማንም ጫካ አልገባም።

ኤኤንሲ ሕገ መንግሥት ብቻውን ለማጽደቅ ሁለት ሦስተኛ ያስፈልገው ነበር። ትንሽ ቀረው። ማንዴላ በዚህ እፎይ ነው ያሉት። ብቻችንን ጻፍነው እንዳይባል ሰግተው ነበርና።

ተራው ሕዝብ ምን ድርሻ ነበረው?

የሕገ መንግሥት ጉባኤው 490 አባላት ነበሩት፤ ሰብሳቢው ራማፎሳ ነው። በሬዲዮ፣ በጋዜጣ፣ በስልክ መስመርና በየገጠሩ በተደረጉ ስብሰባዎች ሐሳብ ተሰበሰበ። ወደ ሁለት ሚሊዮን የሚጠጋ ጽሑፍ ደረሳቸው። ረቂቁ በሚሊዮን በሚቆጠር ቅጂ ታትሞ በነፃ ታደለ።

ነገሩን ግን አናጋንን። ከሁለት ሚሊዮኑ አብዛኛው በጅምላ የተፈረመ አቤቱታ ነበር። የሞት ቅጣት ይመለስ፣ ይህ ይከልከል፣ ያ ይፈቀድ የሚል። ጸሐፊዎቹ በሞት ቅጣት ጉዳይ የብዙኃኑን ጩኸት አልተከተሉም። ዋናዎቹ ቋጠሮዎችም የተፈቱት በፓርቲ መሪዎች መካከል፣ በመጨረሻዎቹ ሌሊቶች ነው፦ የመሬትና የንብረት አንቀጽ፣ አሠሪ ሠራተኛን በር ዘግቶ የማስወጣት መብት፣ በአፍሪካነሮቹ ቋንቋ በአፍሪካንስ ብቻ የሚያስተምሩ ትምህርት ቤቶች። ታዲያ የሕዝቡ ተሳትፎ ከንቱ ነበር? አይመስለኝም። ሰው ሐሳቡ ባይወሰድለትም ስለ ምን እየተጻፈ እንዳለ አውቋል። ሜይ 8 ቀን 421 ለ2 ሲያልፍ፣ 10 ድምፀ ተአቅቦ ሲያደርጉና ኢንካታ ሳይገኝ ሲቀር ሕዝቡ ዱብ ዕዳ አልሆነበትም።

ፍርድ ቤቱ ሕገ መንግሥቱን ውድቅ አደረገው የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። በዓለም ላይ ብዙም ያልታየ ነገር ነው። በሕዝብ የተመረጠ ጉባኤ በ421 ድምፅ ያጸደቀውን ሰነድ 11 ዳኞች ሴፕቴምበር 6 ቀን 1996 «34ቱን መርሆዎች አላሟላም» ብለው መለሱት። አብዛኛው ደህና ነው፤ ግን የመብቶች ምዕራፍ በቀላሉ እንዳይሻሻል በቂ ጥበቃ የለውም፣ የዋና ኦዲተሩና የሕዝብ እንባ ጠባቂው ነፃነት አልተረጋገጠም፣ የክልሎች ሥልጣን ከተስማማችሁት አንሷል አሉ። ጉባኤው በአንድ ወር ገደማ አስተካክሎ መለሰ። ዲሴምበር 4 ቀን ፍርድ ቤቱ አጸደቀው።

ከዚያ በፊትም ይኸው ፍርድ ቤት ማንዴላን ራሳቸውን ረትቷቸዋል። በ1995 ፓርላማው የአካባቢ ምርጫ ሕግን በአዋጅ የማሻሻል ሥልጣን ለፕሬዚዳንቱ ሰጥቶ ነበር። ዌስተርን ኬፕ ክልል ከሰሰ፣ አሸነፈ። ማንዴላ በአደባባይ ውሳኔውን እቀበላለሁ አሉ። ያን ጊዜ ተወዳጅነታቸው ጣሪያ የነካ መሪ ናቸው፤ እምቢ ቢሉ ማን ይጠይቃቸው ነበር?

ልምዱ ሁልጊዜ በሰላም አልቀጠለም። በ2021 ፍርድ ቤቱ ለምርመራ ኮሚሽን አልቀርብም ያሉትን የቀድሞ ፕሬዚዳንት ጄኮብ ዙማን በችሎት መድፈር 15 ወር አሰራቸው። ከዚያ በተነሳው ዘረፋና ሁከት ከ300 በላይ ሰው ሞተ። ፍርዱ ግን አልተሻረም።

ገዳዮቹ ሁሉ ይቅር ተባሉ?

አይ፣ ይህ የተሳሳተ ወሬ ነው። በጅምላ ምሕረት አልተሰጠም። በሊቀ ጳጳስ ዴዝሞንድ ቱቱ የተመራው የእውነትና ዕርቅ ኮሚሽን ምሕረት የሚሰጠው በማመልከቻ ነው፤ ሰው በየራሱ ይቀርባል። ድርጊቱ ፖለቲካዊ ዓላማ የነበረው መሆን አለበት። የሠራውንም አንድ ሳይደብቅ መናገር አለበት። ሰባት ሺህ ያህል ሰው አመለከተ፤ የተፈቀደለት 849 ብቻ ነው። በፖሊስ እጅ እያለ የሞተውን የጥቁሮች ታጋይ የስቲቭ ቢኮን ሞት በተመለከተ ያመለከቱት ፖሊሶች ተከልክለዋል።

ደካማው ጎን ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ምሕረት የተከለከለው ወይም ጭራሽ ያላመለከተው መከሰስ ነበረበት። ኮሚሽኑ በመቶዎች የሚቆጠሩ ጉዳዮችን ለዐቃቤ ሕግ አስተላለፈ፤ የተከሰሰው በጣት የሚቆጠር ነው። ቤተሰቦች ለሃያ ዓመት በላይ ሲጮኹ ኖረው በ2025 ክሱን ማን አዘገየው የሚል አጣሪ ኮሚሽን ተቋቋመ። ካሳውም ለአንድ ተጎጂ 30 ሺህ ራንድ፣ አንድ ጊዜ ብቻ። ምስክርነቱ በቀጥታ ሲተላለፍ ያለቀሰችው አገር ካሳው ላይ ስትደርስ እጇ አጠረ።

እኛ በቀይ ሽብር ጉዳይ የሄድንበት መንገድ ሌላ ነበር። ልዩ ዐቃቤ ሕግ ተቋቁሞ የደርግ ባለሥልጣናት ችሎት ከ1994 እስከ ጥፋተኝነት ውሳኔው 2006 ድረስ ቆየ። ቅጣት ተገኘ። የደቡብ አፍሪካ ኮሚሽን ያወጣውን ያህል በገዳዩ አንደበት የተነገረ እውነት ግን አልተገኘም።

ፌዴራል ነው? መገንጠልስ ይፈቅዳል?

ዘጠኝ ክልሎች አሉ፤ የራሳቸው ምክር ቤት፣ የራሳቸው አስተዳደር። ግብሩን በዋናነት የሚሰበስበው ማዕከሉ ነው። ኤኤንሲ አሃዳዊ፣ ኢንካታ ደግሞ ጠንካራ ፌዴሬሽን ፈልገው ስሙን ሳይጠሩ መሃል ላይ ተገናኙ።

መገንጠል የለም። አንቀጽ 235 የጋራ ባህልና ቋንቋ ያለው ማኅበረሰብ በአገሪቱ ውስጥ ራሱን በራሱ ስለማስተዳደር ያወራል። አንቀጹ የገባው የነጭ ቀኝ አክራሪዎችን ለማግባባት ነው። የቀድሞው የጦር አዛዥ ኮንስታንድ ፊልዩን ተከታዮቹን ይዞ ከጦርነት ይልቅ ምርጫ የመረጠው የአፍሪካነር ግዛት ጉዳይ እንዲጠና ቃል ስለተገባለት ነው። ተጠና። ግዛቱ ግን አልተፈጠረም።

ሕገ መንግሥቱ ይህን ያህል ጥሩ ከሆነ ድህነቱና በስደተኛ ላይ ያለው ጥቃት ከየት መጣ?

ሁለቱ ለየብቻ መልስ ይፈልጋሉ። የመጀመሪያው የድርድሩ ዋጋ ነው። ከ1913 ጀምሮ ጥቁሩ መሬቱን በሕግ ተነጥቋል። አንቀጽ 25 የመሬት ማሻሻያን ይፈቅዳል፤ የነበረውን ባለንብረትም ይጠብቃል። ውጤቱ ቀርፋፋ ሆነ። ያለ ካሳ መውረስን በግልጽ ለማስገባት የተደረገው ሙከራ በዲሴምበር 2021 ሁለት ሦስተኛ አጥቶ ወደቀ። ስሎቮ ያዳናቸው የመንግሥት ሠራተኞች፣ የተጠበቀው ንብረት፣ ያልተነካው ባንክ፤ ሰላም የተገዛው በእነዚህ ነው። ዛሬ ወጣቱ «ድምፅ እንጂ ዳቦ አላገኘንም» ሲል ይህን ማለቱ ነው። ፍርድ ቤቱ በቤትና በመድኃኒት መብት ላይ ደፋር ውሳኔዎች ሰጥቷል። በ2002 ነፍሰ ጡሮች ኤችአይቪን ወደ ልጅ እንዳይተላለፍ የሚከላከል መድኃኒት እንዲያገኙ ያስገደደው እሱ ነው። ሥራ ግን በፍርድ አይፈጠርም።

ሁለተኛው ለእኛ ሰው ቅርብ ነው። የሕገ መንግሥቱ መግቢያ ደቡብ አፍሪካ በውስጧ የሚኖሩ ሁሉ ናት ይላል፤ እዚህ ላይ «ዜጎች» አይልም። በጆሃንስበርግ ጄፒ ጎዳና የሚነግደው ሐበሻ ግን በ2008 ከ60 በላይ ሰዎች የሞቱበትን ጥቃትና ከዚያ ወዲህ የመጡትን ሁሉ ያስታውሳል። ወረቀቱ ዋጋ የለውም ማለት ግን አይደለም። ሊምፖፖ ክልል ፖሊስ የስደተኞችን ሱቅ በዘመቻ ሲዘጋ ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ደረሰ። በ2014 ስደተኞችና ጥገኝነት ጠያቂዎች የንግድ ፈቃድ የማግኘት መብት አላቸው ተባለ። ሱቅ የሚያቃጥል ጎረምሳ ፍርድ አያነብም፤ ሱቅ የሚያሽግ ፖሊስ ግን ማንበብ ይገደዳል።

ለኢትዮጵያ ይሠራል?

ማንዴላ በ1962 ኮልፌ ወታደራዊ ሥልጠና ወስደዋል፤ ዝምድናው አሮጌ ነው። ሁለቱ አገሮች ሕገ መንግሥት የጻፉትም በአንድ ሰሞን ነው። የእኛ ዲሴምበር 1994 ጸደቀ። ልዩነቱ በአጻጻፉ ነው። እዚያ የትኛውም ፓርቲ ብቻውን ማጽደቅ አልቻለም። እዚህ የሕገ መንግሥት ጉባኤው መቀመጫ አብዛኛው የኢሕአዴግ ነበር፤ የሽግግሩ አጋር የነበረው ኦነግ በ1992 ወጥቷል። አንቀጾቹ ጥሩ ይሁኑ መጥፎ፣ «የእኔ ነው» የማይለው ወገን ከመጀመሪያው ቀን ነበር።

ስለዚህ እንዳለ ገልብጦ ማምጣት አይሠራም። እዚያ ሁለት ትልልቅ ወገኖች ነበሩ፣ ሁለቱም ተከታያቸውን ማዘዝ ይችሉ ነበር። እኛ ጋ ታጣቂው ብዙ ነው፣ አዛዡም ተበታትኗል። የምክክር ኮሚሽን ስብሰባም የነሱን የፓርቲዎች ድርድር አይተካም፤ ሁለቱ የተለያዩ ሥራዎች ናቸው።

መቅዳት የሚቻል ነገር ካለ ለእኔ ዳኝነቱ ነው። እኛ ሕገ መንግሥት የሚተረጉመው የፌዴሬሽን ምክር ቤት፣ ማለትም የፖለቲካ አካል ነው። በ2020 በኮቪድ ምክንያት ምርጫው ሲራዘምና የመንግሥት ዕድሜ ሲያከራክር ውሳኔውን የሰጠው እሱ ነው። የተጠቀመው ገዢ ፓርቲ፣ የወሰነውም የዚያው ፓርቲ ሰዎች የሞሉበት ምክር ቤት፤ ትግራይም ውሳኔውን አልተቀበለችም። በደቡብ አፍሪካ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ዳኛ ሲመረጥ ኮሚሽን እጩዎቹን በአደባባይ ይጠይቃል፣ ከክፍት ቦታው በሦስት የሚበልጥ ስም ለፕሬዚዳንቱ ይልካል። ፕሬዚዳንቱ ከዚያ ዝርዝር ይሾማሉ። ዳኛው በመደበኛው 12 ዓመት ያገለግላል፣ ዳግም አይሾምም፤ ስለዚህ ለሹመት ብሎ የሚያስደስተው ሰው የለም።